ከፕሮግራሙ ውጪ

ሚኒባሱ ቆመ ጅሬን አቀበት ላይ።
ታጁ ቀድሞ ወርዶ፣ አንጋጦ ወደ ሰማይ፣
«ዝናብ ሳይቀድመን» አለ።
ጅማ ላይ ዝናብን ማን ቀድሞት ያውቃል፣
እዚሁ ተወልዶ እዚሁ እየዋለ!

አሥራ አንድ ነን እኛ፦ ሁለት ጡረተኞች፣
ካሜራ ያነገቱ ሦስት የባንክ ሠራተኞች፣
አንድ የታሪክ መምህር ከነሁለት ልጆች፣
አንዲት አዲስ ሙሽራ፣ ባሏ እንቅልፋም
(ጊቤን ስንሻገር እንኳ ዐይኑን አልገለጠም)፣
እኔም፣ ጉልበቴን የሚያመኝ፣
ከሾፌሩ ኋላ ወንበር የደረሰኝ።

ታጁ ሥራ ያውቃል።
ምሰሶውን በጣቱ ኳ! ኳ! ያደርግና «ስሙት» ይላል፣
«ይኼኛው ጤነኛ ነው፤
ያኛውን እንዳትደገፉ፣ ምስጥ ነው የያዘው።»
ደረጃው ወገብ ላይ ቀልድ አለችው አንድ፣
ስንቱን ጎብኚ አስቃ ያረጀች ቀልድ፤
እኛም ሳቅንለት፣
ባልየው ዘግይቶ፣ ሙሽራዋ ስትደግምለት።

እነሱ ሰገነት ሲወጡ እኔ ከታች ቀረሁ፣
ጉልበቴን እያሸሁ ደረጃውን አየሁ።
መሐሉ ጎድጉዷል፣ እግር የበላው እንጨት።
ጌታ በቀን ስንቴ ይወጣል? አንዴ፣ ቢበዛ ሁለት።
ይህን የቦረቦረች ውኃ ቀጂዋ ናት፣
እንስራ እንዳዘለች፣
በታጁ ወረቀት ላይ ስም ያልተጻፈላት።

ከዚያ ቁልቁል፣ ከተማ። በሁለተኛ ማርሽ
ከንጉሥ ወደ ፋሽስት ደረስን ሳይመሽ።
«ቅስቱን ልብ በሉ፤ ይህ ሲኒማ ነበር፤
ያ መጋዘን፤ ወዲያ የሹማምንት ሰፈር።»
«የማን ቅርስ ነው ታዲያ?» ሲል ጠየቀ መምህሩ።
«ወረቀቱ የጣሊያን ይላል» አለ ታጁ።
ልጆቹ ሣቁ፤ ለምን እንደሆን እነሱ ይንገሩ።
እኔ ግን አሰብኩት፦
ሠሪው አምስት ዓመት እንኳ በቅጡ አልኖረበት፤
ሰማንያ ዓመት አለፈው ሰው ልጅ ካሳደገበት፣
በጓሮው ማድቤት በቆርቆሮ ከቀጠለበት።

አንዲት ቢጫ ግንብ፣ ልስኗ የረገፈ፣
ታጁ ምንም ሳይል በጎኗ አለፈ።
ከሰገነቷ ግን አንዲት እናት፣ የተሰጣ ልብስ ሊያወርዱ ወጡ፣
«ታጁ! አምፖሉስ?» ብለው ተቆጡ።
«እናቴ ናቸው» አለን፣ አንገቱን ሰበረ፤
«ቤቱ እንኳ... ከፕሮግራሙ ውጪ ነበረ።»

ከበሩ በስተግራ ቀይ ቀለም፣ ኤክስና ቁጥር፣ የሳምንት ዕድሜ ያለው፤
ማብራሪያ አላሻው።
ሦስቱ ባንከኞች ካሜራ ሲያነሡ፣
ታጁ ሄዶ ቆመ፣ ቁጥሩን ጋርዶ በራሱ፤
«አንሡኝ» አለ፣ ያችኑ
የደረጃዋን ፈገግታ ይዞ። አነሡት፤ ፎቶው ላይ የለም ቁጥሩ።

ዝናቡ ቀደመን።
«ኮቱ፣ ግቡ!» ብለው አደ ሩቂያ ጨለማ ሳሎን አስገቡን።
ግንቡን በጣታቸው ኳ! ኳ! «ስሙት» አሉ፣
«ይኼ ጤነኛ ነው፤ ያ ግን ውኃ ይዞታል» እያሉ፣
«እዚህ ጋ አባቱ በዜና ሰዓት ከሬዲዮው ጋር ይጣላ ነበር፤
ይኼ ልጅ እዚያ ጋ፣ በርጩማ ላይ ቆሞ፣
ለዶሮዎቼ ታሪክ ያስተምር።»
ባልየው ዐይኑ ፈጧል።
መምህሩ እስክሪብቶ ከጡረተኞቹ ተውሷል።
ታጁ ደጃፉን ተደግፎ ዝናቡን ያያል፤
አንድ ቃል አላረማቸው።

ጡሩምባ ተነፋ። ቦዬ ይቀረናል፣ ጉማሬ ካለ።
መታጠፊያው ጋ ስንደርስ ታጁ «አንዴ አቁምልኝ» አለ።
ሱቅ ገብቶ አንድ አምፖል መረጠ፤ ሻጩ እስኪሞክርለት ጠበቀ።
«ለሚፈርስ ቤት?» አለው ሾፌሩ፣ በመስኮት እየሳቀ።
«እስኪፈርስ ይመሻል» አለ ታጁ፣
አምፖሏን እንደ ጫጩት
ከዝናቡ ጋርዶ፣ በሁለት እጁ።